ሠራተኛችንን ያስባረረች የሁለት ጣት ክፍተት

እናንተዬ፣ ሰው በስንቱ ነገር ይጣላል! በመሬት ይጣላል፣ በገንዘብ ይጣላል፣ በፍቅር ይጣላል። እኔ የተጣላሁት በዓሣ ነው። ያውም ተጠብሶ በሚበላው ዓሣ ቢሆን ምን ነበረበት! ከጣቴ በማይረዝም፣ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሲዋኝ ውሎ ሲዋኝ በሚያድር፣ ለዓይን ማረፊያ ብቻ በተገዛ ዓሣ ነው የሰው ልጅ ያስከፋሁት።

ጉዴን ዛሬ የማወጋችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከእናንተ መካከል ቤቱ አኳሪየም ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ አይጠፋምና እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍል ብዬ ነው። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

በ2015 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖር ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወዳጃችን ዕቃውን ሲሸጥ አኳሪየሙን ከነዓሣው ለእኛ ሸጠልን። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። 65 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ውስጡ ስምንት ጋፒዎችና ሰባት ቀያይ ሶርድቴይሎች ነበሩ። ሶርድቴይል ማለት ወንዱ ጅራቱ ሥር እንደ ሰይፍ የሾለ ክንፍ ያለው ዓሣ ነው። ከሰባቱ አራቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ቡፌው ላይ አስቀመጥነው። ማታ መብራቱ ሲበራ ያቺ ጠባብ ሳሎን ቤተ መንግሥት መሰለችን!

ክዳን ነበረው፤ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን። ከኋላ በኩል ግን የፊልተሩ ቱቦና የማሞቂያው ገመድ እንዲያልፉ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጧል። የተቆረጠው ሁለት ጣት ቢሆን ነው። እኔ ደግሞ «ዓሣው መተንፈሻ ያስፈልገዋል» ብዬ እንደዚያው ተውኩት። አዋቂ ነኛ!

«ጾሙ ጠንቶባት ይሆናል»

ያኔ ቤታችን አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ትሠራ ነበር። ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ዝምተኛ ናት። አኳሪየሙ ከመጣ በኋላ ግን ሥራዋን ስትጨርስ ቴሌቪዥኑን ትታ እሱ ፊት ነበር የምትቀመጠው። ምግባቸውንም የምትሰጣቸው እሷ ነበረች።

ነሐሴ እንደገባ፣ ፍልሰታ በተያዘ በሦስተኛው ቀን፣ አንዱ ወንድ ሶርድቴይል ጠፋ። ሞቶ እንዳንል ሬሳ የለም። ወለሉን አየን፤ ምንም የለም። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው ጠፋ። ከዚያ ሦስተኛው።

ለጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጾሙ ጠንቶባት ጠብሳ በልታቸው ይሆናላ!» አለኝ። ቀልድ ነው። ቀልድ ግን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ባለቤቴ ምድር ቤት ያለ አንድ ሕፃን «እኔም ቀይ ዓሣ አለኝ» እያለ ሲያወራ ሰማች። በቃ፣ ነገሩ ተገጣጠመልን። ልጅቷ እያወጣች ለጎረቤት ትሰጣለች ማለት ነው!

ጠራናት። «የት አደረግሻቸው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ ዓሣ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ሌሊት ጧ የሚል ነገር እሰማለሁ ብዬ ነግሬዎት የለ?»

እውነት ነው፣ ነግራኝ ነበር። የምትተኛው ሳሎን ነው። አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ዓሣዎቹ ሌሊት ይዘላሉ መሰለኝ» ብላኝ «ዓሣ የት ይዘላል፣ እንቁራሪት ነው እንዴ!» ብዬ አልፌያታለሁ።

ያን ዕለት ግን ትዝ ቢለኝም አልሰማኋትም። የሦስቱን ዓሣ ዋጋ ብለን 900 ብር ከደመወዟ ላይ ቆረጥን። በማግስቱ ጓዟን ሸክፋ እያለቀሰች ወጣች። እኔም አላረፍኩም፤ ያመጣት ደላላ ጋ ደውዬ «የእጅ አመል አለባት» አልኩት። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ አንድም ዓሣ አልጠፋም። «አየሽ!» አልኳት ባለቤቴን። «አየህ!» አለችኝ እሷም። ማስረጃችን ሙሉ ሆነ።

ከቡፌው ጀርባ

ጳጉሜን ደረሰች። ለእንቁጣጣሽ ቤት ስናጸዳ ውኃውን አጋብተን ቡፌውን ከግድግዳው ሳብነው። ከጀርባው፣ አቧራው ውስጥ፣ ሁለት ነገሮች ተጋድመዋል። በመጀመሪያ የደረቀ ቃሪያ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ሰይፍ የመሰለው ጅራቱ አለ። እንደ ቋንጣ ደርቋል። ሦስተኛው መጋረጃው ሥር ተገኘ፤ ጉንዳን ግማሹን ጨርሶታል።

ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም። የሁለት ጣቷ ክፍተት በግድግዳው በኩል ነበረች። የሚዘለው ዓሣ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው የሚወድቀው። እኛ የፈለግነው ሳሎኑ መሀል ነው። የጎረቤቱ ሕፃን «ቀይ ዓሣ» ደግሞ በኋላ ሲጣራ መታጠቢያ ውስጥ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሆኖ አረፈው።

እሷ ከሄደች በኋላ ሌላ ያልጠፋውስ? ይህንንም የተረዳሁት ኋላ ሳነብ ነው። ወንድ ሶርድቴይሎች እርስ በርሳቸው አይዋደዱም። አንዱ ጉልበተኛ ሌሎቹን ያሳድዳል። ተሳዳጆቹ መሸሻ ሲያጡ ወደ ላይ ይዘላሉ። ሦስቱ ሲያልቁ ጉልበተኛው ብቻውን ነገሠ፤ የሚሳደድ ስለሌለ የሚዘልም ጠፋ። እኛ የሌባ ማስረጃ ያልነው ይኸው ነበር።

ዓሣ ለምን ይዘላል?

ዓሣ ሲዘል አብዶ አይደለም። ወንዝ ውስጥ መዝለል ነፍስ ያድናል። ሊውጠው ከሚመጣ ትልቅ ዓሣ ያመልጣል፤ ውኃው ሲጎድል ወደ ሌላ ኩሬ ይሻገራል። ችግሩ ወንዝ ውስጥ ሲዘል የሚወድቀው ውኃ ላይ ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ ሲዘል ግን የሚጠብቀው ሲሚንቶ ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተመራማሪ ከአጠገቧ ከነበረው አኳሪየም አንድ ጋፒ ዘሎ ሻይዋ ውስጥ ገባባት። ሻዩ ቀዝቃዛ ስለነበር ጋፒው ተረፈ። እሷም ነገሩን እንደ ቀልድ አልተወችውም፤ ከባልደረባዋ ጋር አጥንታ በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመች። ጋፒዎች ማንም ሳያስፈራቸው ይዘላሉ፤ ያውም ከመዝለላቸው በፊት ፍፁም ቅጣት ምት እንደሚመታ ኳስ ተጫዋች ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ተመራማሪዋ ዓሣዋን ሻይ ኩባያዋ ውስጥ ስታገኝ ሠራተኛ አልጠረጠረችም። እኔ ነኝ እንጂ!

ከጠላትና ከጠብ ሌላ የሚያዘልላቸው ውኃ ነው። ውኃው ካልተቀየረና የዓሣው ቆሻሻ ካስመረረው፣ ወይም አየር ካጠረው፣ መውጫ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋና የአየር ፓምፑ ሲቆም አስቡት። ድንገት መብራት ማብራትም ያስደነብራቸዋል። አዲስ የመጣ ዓሣም የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳ ነውና ይዘላል።

ሳይዘሉ የሚወጡም አሉ። ቀጫጭኖቹና እንደ እባብ የሚሄዱት ዓሣዎች በገመድ ቀዳዳ ሾልከው ይወጣሉ። በአባይ ተፋሰስ፣ በእኛው ባሮ ወንዝ ጭምር የሚገኘው ፖሊፕተረስ የሚባለው ዓሣ በውጭ አገር አኳሪየሞች ተወዳጅ ነው። ሳንባ አለው፤ አየር ይተነፍሳል፤ መሬት ላይ በክንፉ እየተደገፈ ይሄዳል። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ልጆቹን ስምንት ወር ያህል የብስ ላይ አሳድገው የጥናቱን ውጤት በ2014 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ለእሱ እንኳን የሁለት ጣት፣ የአንድ ጣት ክፍተትም የተከፈተ በር ነው።

ፎጣ እንደ ኩራዝ ክር

በዚያው ምሽት ክፍተቷን ልደፍን ተነሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ መጀመሪያ ካርቶን ቆርጬ ሸጎጥኩበት። ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት አራት ቀን ሳይሞላው አራሰውና ተልፈስፍሶ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ውኃው ሻይ መሰለ።

ቀጥዬ የወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ይሄኛው የባሰ ነበር። የፎጣው አንዱ ጫፍ ውኃውን ነክቷል፤ ሌላው ጫፍ በስተውጭ ተንጠልጥሏል። ኩራዝ ውስጥ ያለች ክር ጋዙን እንዴት እንደምትስብ ታውቁ የለ? ፎጣው እንደዚያው ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን ስቦ ከቡፌው ጀርባ ሲያንጠባጥብ አደረ። እዚያ ያለው ምን መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው! ጠዋት ቆጣሪው ወርዶ አገኘሁት። ቆጣሪው ባይወርድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ሊያታልላችሁ የሚችለው አጎበር ነው። ቤት ውስጥ የተረፈ የወባ አጎበር ቆርጦ ማልበስ ቀላል ይመስላል። ተጠንቀቁ! ለወባ የሚታደለው አጎበር ብዙውን ጊዜ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ነው። ያ ዓይነቱ መድኃኒት ለሰው እምብዛም ባይጎዳም ዓሣን ይፈጃል። የመዳብ ወይም ዚንክ የተቀባ የሽቦ ወንፊትም አይሆንም። በእንፋሎቱ ይዝጋል፤ የሚንጠባጠበውም ዓሣውን ይመርዛል።

በመጨረሻ የሠራልኝ

አሁን እስክሪብቶ ያዙ። መጀመሪያ ክፍተቶቹን በሙሉ ፈልጉ። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ የአኳሪየሙን ብቻ አብሩት። ከክዳኑ ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ሁሉ ክፍተት ነው። ከዚያ እርሳስ ውሰዱ። እርሳስ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ዓሣ ያልፍበታል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ክፍተቱ ከትንሿ ዓሣችሁ ጭንቅላት መጥበብ አለበት።

ረጅሙን የኋላ ክፍተት እኔ የደፈንኩት ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች ቁራጩን በርካሽ ይሸጡታል። በማስመሪያ ይዛችሁ በስለት ደጋግማችሁ ከጫራችሁት በኋላ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ስትጫኑት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። አንድ ወጥ ከማድረግ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱን ለማንሳት ሲያስፈልግ ሌላው ባለበት ይቆያል። ቱቦውና ገመዱ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ብቻ በልካቸው ጉርድ አውጡለት። ይህ ፕላስቲክ እርጥበት ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ጠባብ ለሆነ ቁራጭ ችግር የለውም፤ ሙሉ ክዳን የምታሠሩ ከሆነ ግን መስታወት ቤት ሄዳችሁ መስታወት አስቆርጡ፤ ጠርዙንም አስሞርዱት።

ቱቦው ዙሪያ የሚቀረውን ትንሽ ቀዳዳ በስፖንጅ ድፈኑት። የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ወስዳችሁ እስከ መሀሉ ሰንጥቁትና ቱቦውን አጉርሱት። ሲጨመቅ ይገባል፣ ሲለቀቅ ይሞላል። ውኃውን ግን እንዳይነካ፤ የፎጣዬን ጉድ አስታውሱ። ሳሙና የነካው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አትጠቀሙ። ስፖንጁን በሳምንት አንድ ቀን አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ማጣበቅ ካስፈለገ ሲሊከን ነው። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ዓይነት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሻጋታ መድኃኒት የተጨመረበትን አትንኩት። ክዳኑን ከአኳሪየሙ ላይ አንስታችሁ ለጥፉ፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቅ፤ ሽታው ሳይጠፋ አትመልሱት።

መረብ የሚሻል የሚመስላችሁ ደግሞ የመስኮት ወንፊት የሚሠሩ አሉሚኒየም ቤቶች ሂዱ። በልኩ ፍሬም አሠርታችሁ የፕላስቲክ ወንፊት ታስወጥራላችሁ። መድኃኒት ያልነካው መሆኑን ጠይቁ። መረብ አየር እንደ ልብ ያስገባል፤ ነገር ግን ሙቀቱም ውኃውም በእሱ በኩል ያመልጣል። ሙቅ ውኃ ለሚፈልጉ እንደ ሶርድቴይል ላሉ ዓሣዎች በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት መስታወቱ ይሻላል።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ፤ ድፈኑ ስላችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ አሽጉ ማለቴ አይደለም። አየር መግባትና መውጣት አለበት። እኔ ፕላስቲኩ ላይ ከእርሳስ የቀጠኑ አሥር ቀዳዳዎች በስቻለሁ። ውኃውንም ከአፉ አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ከዚያ ወደ ላይ እንዲወጡ አድርጉ። ጠብታ ቢመጣ ከእጥፋቱ ላይ መሬት ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ክዳን ደግሞ በሽታውን አያድንም። ዓሣው የሚዘልበትን ምክንያት ካላስወገዳችሁ ጭንቅላቱን ክዳኑ ላይ ሲያጋጭ ይኖራል። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውኃ ቀይሩ። የቧንቧ ውኃውን ክሎሪኑ እንዲወጣለት በተከፈተ ባልዲ አሳድሩት። ለአንድ ወንድ ሶርድቴይል ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች አድርጉለት። ተሳዳጅ የሚደበቅበት ሣርና ድንጋይ አይጥፋ።

መሬት ላይ ካገኛችሁትስ?

ተስፋ አትቁረጡ። ቆዳው ገና እርጥብ ከሆነ የሞተ የሚመስል ዓሣም ሊነሳ ይችላል። እጃችሁን በአኳሪየሙ ውኃ አርጥቡ፤ በደረቅ እጅ ከያዛችሁት ቆዳውን የሚጠብቀው ልባጭ ይላጣል። አቧራውን አትፈግፍጉት። የአኳሪየሙን ውኃ ዕቃ ውስጥ ቀድታችሁ አስገቡት፤ የአየር ቱቦውን አስጠጉለት። ከጭንቅላቱ ጎን ያለው ስንጥቅ መክፈትና መዝጋት ከጀመረ ነፍስ አለው። ታዲያ ፍለጋችሁን ከኋላ ጀምሩ። ከኋላ!

የቀረው ዕዳ

ክዳኑ ተደፈነ። የእኔ ዕዳ ግን አልተደፈነም። ደላላው ጋ ሄጄ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቅኩት። «አንተ እንደዚያ ካልከኝ በኋላ ቤት ላስገባት አልቻልኩም» አለኝ። አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች። ደመወዟ እኛ ጋ ከምታገኘው ያነሰ ነው፤ እንቅልፏም እንዲሁ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሄድኩ። 900 ብሩን በፖስታ፣ አንዱን የደረቀ ዓሣ በክብሪት ቀፎ ይዣለሁ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች በጓሮ በር ወጣች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ሌላ ነገር የጠፋ መሰላት። የክብሪቱን ቀፎ ከፍቼ አሳየኋት።

ብዙ አየችው። «ይቺ ናት?» አለች። ቀጥላ «ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ።»

«ነግረሽኛል። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ፖስታውን ሰጠኋት። ቆጥራ ከቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

«ይሄን ተቀብያለሁ፤ የላቤ ነው» አለችኝ። «ሰውዬው ጋ ያሉትን ግን እዚያው ሄደው ያንሱልኝ።»

በስልክ ላደርገው አስቤ ነበር። አልሆነልኝም፤ ስም በስልክ አጥፍቶ በስልክ ማንሳት አይቻልም። ሄድኩ። ደላላው ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ሥራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ልጆች ተቀምጠዋል። እነሱ ፊት «ያቺ ልጅ የእጅ አመል የለባትም፤ ውሸታሙ እኔ ነኝ» አልኩ። አፌ ውስጥ እንዴት እንደ መረረኝ አልነግራችሁም። ከልጆቹ አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ይገባኛል።

ወደ እኛ ቤት አልተመለሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከወር በኋላ ደላላው ጥሩ ቤት አስገባት። ለገና ደውላ እንኳን አደረሳችሁ አለችን። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ጋሼ፣ ክዳኑን ደፈናችሁት?» አለችኝ።

ደፍነነዋል አልኳት። እናንተም ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ እርሳስ ያዙና ወደ አኳሪየማችሁ ሂዱ። ከቤታችሁ ዕቃ ከጠፋ ደግሞ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ቡፌውን ሳቡት።

ሳምንት ሰው ይበለን!